በካርታው ላይ አረንጓዴ የነበረው ዛፍ

የከተማ ዛፍ መታመሙን ማወቅ ከባድ ነው። ሰው ሲያመው ይናገራል፣ ከብት ሲያመው መኖ ይተዋል፤ ዛፍ ግን ቆሞ ይታመማል፣ ቆሞም ይሞታል። ጉዱ የሚታየው ነፋስ የመጣ ቀን ነው። ስለዚህ የከተማው የዛፍ እንክብካቤ ክፍል ዛፎቹን የሚመረምረው ሰው በየዛፉ ላይ እያወጣ ነበር።

ከዛፍ ወጪዎቹ አንዱ ባልደረቦቹ “ጦጣው” የሚሉት ቀልደኛ ሰው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራው ሁለት ጊዜ ወድቋል። በሁለተኛው ክንዱ ሲሰበር እናቱ “ወይ ዛፉን ተው፣ ወይ እኔን ቅበረኝ” አሉት። በዚያው ክፍል ካርታ የምትሠራውን ታናሽ እህቱን ግን አንድ ጥያቄ ይዟት ነበር፦ ሰው ሳይወጣ የዛፍን ጤና ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ዘዴውም ሲያዩት ደስ ይላል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጣል፤ ከቀዩ ማዶ ያለውን፣ የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን መልሶ ይወረውራል። የደከመ ቅጠል ይህን ማድረግ ያቅተዋል። ያንን ብርሃን የሚለይ ካሜራ በድሮን ላይ ተገጥሞ ከዛፎቹ በላይ ሲበር፣ ኮምፒውተሩ ውጤቱን በቀለም ያወጣዋል፦ ለጤነኛው አረንጓዴ፣ ለሚያጠራጥረው ቢጫ፣ ለታመመው ቀይ። የሚገርመው ደግሞ ቅጠሉ ለእኛ ገና ለምለም ሆኖ ሳለ ካሜራው ድካሙን ቀድሞ ሊያይ መቻሉ ነው።

ካርታዋን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ደንቡ ቀላል ሆነ፦ ቀዩ ላይ ማንም አይወጣም፣ አረንጓዴው ላይ ለመግረዝ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ሰው አልወደቀም። ወንድሟም ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት “የኛ ቤት ዶክተር” እያለ ያሾፍባት፣ ይኮራባትም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ሆኖ ደወለላት።

“አንቺ ዶክተር፣ ይሄ በሽተኛሽ አላማረኝም።”

“ምን ሆነ ጋሼ?”

“እኔ እንጃ። ወደ ጫፉ ቅጠሉ ሌላ ነው፤ ወፈር ወፈር ብሏል።”

ካርታውን ከፈተች። ዛፉ ደማቅ አረንጓዴ ነበር።

“በሰፈሩ እንደሱ ያለ ጤነኛ የለም። ምነው፣ ሸመገልክ እንዴ? ፈራህ?”

“እኔ? እሱ ይፍራኝ እንጂ!” ሳቀና ዘጋው።

ወጣ። ገመዱን ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ አሰረ። ቅርንጫፉ ከነገመዱ ተገነጠለ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የወደቀውን ቅርንጫፍ ሄዳ አየችው። ቅጠሉ የዛፉ አልነበረም። ተቀጽላ ነበር፤ ሥሩን በመሬት ሳይሆን በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ሰዶ፣ የሰው ላብ እንደሚበላ ሰው በሌላው ውኃ የሚኖር ተክል። ሥሩ የገባበት ቦታ አብጦ እንጨቱ ልል ሆኗል። ከእብጠቱ ወዲያ ያለው ጫፍ ደርቋል። ተቀጽላው ግን ለምለም ነው፤ ያንን የማይታይ ብርሃን አሳምሮ ወርውሮታል።

ኃላፊዋ ሊያጽናናት ብሎ “እህቴ፣ ማሽን ነው፤ ማሽን ይሳሳታል” አላት።

“ማሽኑ አልተሳሳተም” አለች። “ጤነኛ ቅጠል አለ አለኝ፤ ነበረ። የማን ቅጠል ነው ብዬ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጋሼ እኮ ነግሮኝ ነበር።”

እናቷ የሟቹን ልብስ እያጠፉ ሳለ አንድ ቀን ድንገት ጠየቋት።

“ውጣ ያልሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ እማዬ።”

እናትየው የያዙትን ሸሚዝ አጥፈው ጨረሱ። ሌላ አነሱ። እስከ ዛሬ ነገሩን ደግመው አላነሱትም።

ካርታው እንዲሰረዝ የጠየቀችው ራሷ ናት። አሁን አዲስ እየሠራች ነው። ዘዴው ይህ ነው፦ የመንገድ ዳር ዛፎች በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ተቀጽላው አያራግፍም። እንግዲያው ድሮኑን ዛፎቹ ራቁታቸውን ሲሆኑ ማብረር ነው። በደረቅ ቅርንጫፍ መካከል አረንጓዴ ክምር ከታየ፣ ሌባው እሱ ነው። ካርታው ላይ አንድ አዲስ ዓምድም ጨምራለች፤ ዛፍ ወጪው ከሥር ሆኖ በዓይኑ ያየው ይጻፍበታል፣ እሱ ካልተሞላ ዛፉ ቀለም አይሰጠውም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ከመርገፍ እስከ ማቆጥቆጥ ያለው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። መንገዶቹ አርባ አንድ ናቸው፤ ያለቁት ሃያ ስድስት። የቀሩት አምስት ቀናት ናቸው። ያልታዩት እስከሚቀጥለው በጋ ይቆያሉ፤ የመብራት ሽቦ ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ግን እስከዚያ አይጠብቅም፣ ያለ ካርታም ቢሆን ሰው ይላክበታል።

ዛሬ ነፋስ አለ፤ ድሮኑ አይነሳም። ሃያ ሰባተኛውን መንገድ በእግሯ ጀምራለች፤ ከየዛፉ ሥር ቆማ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ትመለከትና ያየችውን ጽፋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።