ልጄን ያዩት አክስቴ

ከኮዬ ፈጬ በታክሲ አቃቂ በወረድኩ ቁጥር አክስቴን አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር። «እማማ፣ ልጄ ማንን ትመስል ነበር?»

የመጀመሪያ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞታ ነው የተወለደችው። ሐኪሙ ከሞተች ቀናት እንዳለፉና ቆዳዋ በዚያ ምክንያት መላጥ እንደጀመረ ሲነግረን፣ ባለቤቴ ሊያያት አልቻለም። እኔንም «ይቅርብሽ፣ አትዪያት» አሉኝ። አክስቴ ግን ገብተው በነጠላቸው ጠቀለሏት፤ እስክትቀበር ድረስም ከእቅፋቸው አላወረዷትም። ዘመድ ሁሉ «ሌላ ትወልጃለሽ» ብሎ ወሬውን ሲዘጋ፣ እሳቸው ብቻ በጠየቅኳቸው ቁጥር እንደ አዲስ ያወሩልኝ ነበር።

«ቆዳዋ ተልጧል፣ አልዋሽሽም» ይሉኛል። «የፈላ ውሃ የነካው ይመስላል። ከንፈሯም ጠቁሯል። ግን ማንም አልጎዳትም፤ አንቺም አልጎዳሻትም። ሞታ በሆድሽ ውሃ ውስጥ ስለቆየች ነው።» ከዚያ አውራ ጣታቸውን አገጬ ላይ ካለችው ስርጉድ ላይ ያሳርፉና «ይቺ ግን ምንም አልሆነችም፤ ቁርጥ የአንቺው ናት። እንዲህ አድርጌ ነክቻታለሁ» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ድንኳን ውስጥ አልቅሼ አልበቃ ሲለኝ አንዲት ጎረቤት «በቃሽ እንጂ፣ ዕድሜ ጠግበው እኮ ነው የሄዱት» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቤቴ ስመለስ መስታወት ፊት ቆሜ አውራ ጣቴን አገጬ ላይ አደረግኩ። የእኔ ጣት ግን ልጄን ነክቷት አያውቅም።