ከፊት የተሰለፈችው አጃቢ መርከብ

«ጋሼ፣ ትንሿን መርከብ አስቀድሜያታለሁ፤ ትልልቆቹ ተረጋግተው ይከተሏታል።»

ይህን ዛሬ ጠዋት የጻፈልኝ ሸምሱ ነው። እሱ ቡታጅራ፣ እኔ ወልቂጤ ሆነን በስልክ በምንጫወተው የባሕር ጦርነት ጨዋታ አንድ ቡድን ነን።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ትንሿ መርከብ አጃቢ ናት፤ አውሮፕላኖች ትሸከማለች። ፍጥነት የላትም፣ ብረቷም ስስ ነው። ሥራዋ ከኋላ ሆና ወታደር የጫኑ መርከቦቻችንን በአውሮፕላኖቿ መጠበቅ ነበር። አሁን ጠባቂ የላቸውም።

ደውዬ ጮኽኩበት።

«እኛ መናኸሪያ እኮ ሚኒባሱ ይቀድማል፣ አውቶቡሱ ይከተላል» አለኝ።

ሃያ ዓመት በቡኢ መንገድ ሚኒባስ የነዳ ሰው ባሕሩንም አስፋልት አደረገው!

ቅዳሜ ተራው የተጋጣሚዎቻችን የእምድብር መምህራን ነው። እነሱ አይምሩም። ወታደሮቹ ከሰጠሙ ከውድድሩ ወጣን። ከዚያ በፊት እኛ አንድ እንቅስቃሴ ይቀረናል፤ መርከቧን የሚያዛት ግን ሸምሱ ነው።

እናንተስ፣ የቡድን አጋራችሁ እንዲህ አስደንግጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን መፍራት ከበደኝ።

ሸምሱ፣ መርከቧን ወደ ኋላ እንደምትመልሳት እስከ ሐሙስ ማታ በጽሑፍ አረጋግጥልኝ። በስልክ «እሺ ጋሼ» ብትለኝ አልቀበልም።