ናሙናው አፌ ውስጥ ነበር

በኮሮናው ጊዜ ጆሃንስበርግ ውስጥ ጭምብል የጠቀመው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ስላደግኩ ጥርሴ ቡናማ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በልቶታል።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዶክትሬቴ የምሠራውም በዚሁ በፍሎራይድ ላይ ነበር። ዩሮፒየም የሚባል ብረት ያለበት ውህድ አለን፤ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ውስጥ ጠብ አድርገን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስናበራበት ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሂልብሮው ሰፈር አብሮኝ ለሚኖረው ባለሱቅ ወንድሜ ቪዲዮውን ባሳየው፣ “እና ውሃውን ያጣራዋል?” አለኝ።

“አያጣራም። ፍሎራይድ መኖሩን ይናገራል እንጂ።”

“ለማን?” ብሎ እንደ እኔው ቡናማ የሆነ ጥርሱን አገጠጠብኝ።

ፕሮፌሰሬ ደግሞ በረራ ስለቆመ ከእኔ አገር የሚጠብቀው የውሃ ናሙና አልመጣልኝም እያለ ወራት ሙሉ ሲያላዝን ከረመ። የፍሎራይድ ጨው በጥብጠን እንሞክራለን፤ ብልቃጡ እንደ ትራፊክ መብራት ይቀላል፤ እሱ ግን “እውነተኛ ናሙና ሳይኖረን ማን ያምነናል?” እያለ ይተክዛል። አንድ ቀን፣ “የዚያ አገር ሰው እኮ ምን እንደሚጠጣ አያውቅም” ሲል ትዕግሥቴ አለቀ። ጭምብሌን አገጬ ላይ አወረድኩና ጥርሴን አሳየሁት።

“ናሙናው ይኸው!”

ወደ ኋላ ሲሸሽ ወንበር ገለበጠ። ስለ ውሃችን በየስብሰባው የሚቆረቆር ሞልቷል፤ ከልቡ ሲደነግጥ ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው። እሱም “ጭምብልሽን! ጭምብልሽን!” እያለ ነበር።