በግራ እጅ የታሰረው ጥቅል

ይህ ጉዳይ አንድ ደንበኛና የአንድ ሰሞን እንቅልፍ አስከፍሎኛል።

ደሴ ፒያሳ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ባለ ሻይ ቤቱ በስልኩ ዘጋቢ ፊልም ከፈተልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከመጋዘን ጨርቅ ሰርቀሃል ተብሎ ስለተፈረደበት የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሰውየው አልሰረቅሁም ይላል፤ ፖሊስ ደግሞ ቤቱ አገኘሁት ያለውን ጥቅል ያሳያል። ገመዱን ሳየው ደነገጥኩ። ግራኝ ስለሆንኩ የገመድ አስተሳሰሬ ከማንም አይመሳሰልም። ጥቅሉን ከሱቄ የወሰደው ደንበኛዬ የነበረው የዚሁ ጉዳይ መርማሪ ነው፤ ያውም ሰውየው ከታሰረ በኋላ። ዋጋ ሳይከራከር ስለገዛ አልረሳሁትም።

"ወላሂ የኔ ጥቅል ነው!" አልኩት ጎረቤቴን።

"ዝም በል ባክህ፣ ሱቅህን ያዘጉሃል።"

"ካዘጉኝ አንተ ጋ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ፤ በዱቤ።"

"እንግዲያው ሂድና ተናገር፣ ግን ሱቅህ እንዳይዘጋ!"

ኮምቦልቻ ወርጄ ለሰውየው ጠበቃ ነገርኩት። ፍርድ ቤት ቀርቤም ዳኞቹ ፊት ሌላ ጥቅል አሰርኩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አዩዋቸው። መዝገቡ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ፤ ሰውየውም በዋስ ወጣ።

በሳምንቱ እናቱ ከሐርቡ መጡ። "አላህ ይስጥህ ልጄ" ብለው መረቁኝና ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ መረጡ። ዋጋው ላይ ግን እንደሳቸው የተከራከረኝ የለም።

መርማሪው ቀርቷል። እሳቸው ይመጣሉ።

አንድ ደንበኛ ወጣ፣ አንድ ደንበኛ ገባ።