የጋዝ ባርቤኪውና የቀቢው አፍንጫ

ዓይኑ የጠፋ ሰው መሪ ያገኛል፤ ጆሮው የደነቆረ ጮክ ተብሎ ይወራለታል። አፍንጫው የሞተበት ሰው ግን ምን ይባላል? ምንም አይባልም። መጠሪያም የለው፣ አዛኝም የለው። ቀቢው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው ነገሩን እንደ ገመና ሸሽጎ የኖረው።

ዕድሜውን የፈጀው ጋራዥ ውስጥ ነው። የተጋጨ መኪና ይመጣል፣ ቀጥቃጩ ቆርቆሮውን አቃንቶ ያስረክበዋል፣ እሱ ጎድጓዳውን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ከዚያ መርጫውን ይዞ በተዘጋ ክፍል ቀለም ሲነፋ ይውላል። የአፍንጫ መሸፈኛማ ነበረ፤ ነበረ ማለት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ። የሚያደርገውን ሰው ጓደኞቹ "ሙሽሪት" እያሉ ስለሚያሾፉበት ማንም አይነካውም። የቀለም ማቅጠኛው ቲነር መጀመሪያ ራሱን ያዞረው ነበር፣ ቀጥሎ ለመደው፣ በመጨረሻ ጭራሽ ሳይሸተው ቀረ። ቲነሩ ብቻ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ የበሰበሰ ሽንኩርት አፍንጫው ሥር ይዛ "እስቲ ይሄን አሽትተው" ስትለው ነው ጉዱን ያወቀው። እሷም ምስጢሩን ይዛለት ኖረች። ድስት ሲያር ትነግረዋለች፣ ሸሚዙ ላብ ላብ ሲል ታስወልቀዋለች፣ ወተት ሲበላሽ ሳይቀምሰው ትደፋዋለች። እሷ ስትሞት አፍንጫው ሁለተኛ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድያ ልጁ ቤት የገባው። በጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ተሰጠችው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ጓሮውን የምታሳይ መስኮት። ምራቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሁሉ ነገር በየመደርደሪያው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። ክፉ አይደለችም ይባላል። "አባባ" ትለዋለች፣ አንቱ ትለዋለች፣ ሳህኑንም ለብቻው ታጥበዋለች። እሱ ይህን ሁሉ እያየ እንዳላየ ያልፋል። ሌላ ምንም አልተመኘም፤ ያቺን ክፍል እንደያዘ መሞት ብቻ ነው የፈለገው።

የባርቤኪው፣ የጓሮ ሥጋ መጥበሻው፣ ሐሳብ የልጁ ነው። ባልደረባው ቤት አይቶ መጣና ሌላ ወሬ ጠፋ። ምራቱ ከሰል ይበቃናል ብላ ነበር፤ ጭሱ ልብሷ ላይ እንደሚያድር ሲነግራት ግን ወዲያው በጋዝ ተስማማች። ሦስቱም ወደ መደብሩ ሄዱ። ቀቢውን ያስከተሉት "ቆርቆሮ ያውቃል" ብለው ነው፤ እሱም ተፈለግሁ ብሎ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል፣ የዋህ።

መደብሩ ውስጥ ባለ ሁለት ምድጃም፣ ባለ ሦስትም፣ ባለ አራትም ተደርድሯል። ልጁ ባለ አራቱ ላይ ዓይኑ ተተክሎ ቀረ።

"ለማን ልትጠብስበት ነው? ጦር ልታበላ ነው እንዴ?" አለችው ሚስቱ።

"ከተገዛ አይቀር ትልቁ ይሻላል።"

"ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል። ሁሉም ያው ሥጋ ነው የሚያሳርረው።"

ቀቢው ክዳኖቹን በጣቱ እያንኳኳ ይዞራል። የባለ አራቱ ክዳን ስስ ነው፣ ድምፁ እንደ ጣሳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ እንደ ተደረበበት ያስታውቃል። ባለ ሦስቱ ወፍራምና ጥንቅቅ ያለ ነው። "ያ በሁለተኛው ክረምት ይላጣል፤ ይሄንን ውሰዱ" አለ። የሚገርመው ሰሙት። ሻጩም የጋዝ ሲሊንደሩ ከሥር የት እንደሚገባ፣ የጋዙ ጎማ እንዴት እንደሚታሰር ካሳየ በኋላ ስለ አደጋው ተናገረ። "ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ሰው እንዲያውቀው ብለው ነው የሚያከረፉት። ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፣ አፍንጫ ይበቃል።"

ልጁ የአባቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። "በዚህስ አንታማም። ቀለም በጠረኑ የሚለይ ሰው ይዘናል።"

ቀቢው ዓይኑን ወደ ሲሊንደሩ መለሰ። ፈገግ አለ እንጂ ምን ይበል።

እንግዲህ ሥራ ፈት ነውና የባርቤኪው ጠባቂ እሱው ሆነ። ሲያስበው ሲያስበው ዘዴ መጣለት። ጋራዣቸው አጠገብ የነበረው ጎሚስታ የመኪና ጎማ የተበሳበትን ቦታ እንዴት እንደሚያገኝ ሲያይ ነው የኖረው፤ የሳሙና አረፋ ይቀባል፣ ቀዳዳ ካለ አረፋው ይነፋል። ቀቢውም አሮጌ የጢም ብሩሽ አገኘ፣ ሳሙና በሳህን በጠበጠ፣ እሳት ከመለኮሱ በፊት ከሲሊንደሩ አፍ ጀምሮ ጎማውን እስከ ጫፉ ይቀባዋል። ከዚያ አጎንብሶ በዓይኑ ይጠብቃል። የምራቱ ወንድም ይህን ባየ ቁጥር አፉ አያርፍም።

"አባባ፣ ዛሬም ጋዙን ገላውን ሊያጥቡት ነው?"

ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። የፈለገ ይሳቅ፤ ቤቱ አልተቃጠለ። ሥጋው ላይ ደግሞ የሚስተካከለው ጠፋ። ቀለም ሲያይ የኖረ ሰው አይደል፣ ጥሬው ቀይ መቼ ቡናማ እንደሚሆን፣ የዶሮው ቆዳ መቼ ወርቅ እንደሚመስልና መቼ ሊያር እንደሆነ በዓይኑ ይይዘዋል። ጣዕሙ ለራሱ ካርቶን እንደ ማኘክ ነው፤ ያለ አፍንጫ ምላስ ብቻዋን ምን ታውቅና። ሲበስል ልጁ መቆንጠጫውን ከእጁ ይቀበለውና ለእንግዶቹ ያቀርባል፣ ምስጋናውንም ይቀበላል። ይህም ቢሆን ቀቢውን ደስ ይለዋል። በዚያ ቤት የሚፈለግበት ነገር ተገኝቷላ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የምራቱ እናት ጉልበቷ አልታዘዝ አላት፤ የምትኖርበት ፎቅ ደረጃው በዛባት። ልጇ ጋ ትምጣ ተባለ። ትምጣ፣ ግን የት ትደር? ደረጃ የሌላት አንዲት ክፍል ብቻ ነች ያለችው፣ እሷም የቀቢው ነች። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። ምራቱ ግን እናቷን ለጉብኝት ባመጣቻት ቁጥር ክፍሏን ከፍታ "እማ፣ ፀሐዩ ጠዋት ጠዋት በዚህ በኩል ነው የሚገባው" ትላታለች፤ ቀቢው አልጋው ላይ ተቀምጦ እያለ።

አንድ ማለዳ ቀቢው ከማቀዝቀዣው ወተት አውጥቶ ጠጣ። ምራቱ በኋላ ጠርሙሱን ብትከፍተው ጠረኑ ሊያስታውካት ደረሰ። ጠርሙሱን መልሳ ከደነችው። በማግሥቱ ያንኑ የተበላሸ ወተት ብርጭቆ ላይ ቀድታ ፊቱ አስቀመጠችና ቆማ አየችው። ቀቢው አመስግኖ ጨረሰው።

"አባትህ አይሸተውም" አለችው ለባሏ። "ጋዝ እያስጠበቅን ያለነው ማሽተት የማይችል ሰው ነው።"

ክፋቱ እውነቷን መሆኑ ነው። እውነትም ለክፋት ስትሠራ ከውሸት ትብሳለች፣ መልስ አይገኝላታ።

ልጁ አባቱን ጓሮ ወስዶ ጠየቀው። "አባዬ፣ ይሸትሃል ወይስ አይሸትህም?"

ያኔ ቢናገር ይሻለው ነበር ይሆናል። ግን አፍንጫ የለኝም ማለት ባርቤኪውን ልጠብቅ አልችልም ማለት ነው፤ ባርቤኪው ከቀረ ደግሞ በዚያ ቤት ምኑ ይፈለጋል?

"ይሸተኛል እንጂ። ምን ነክቶህ ነው?"

"ማልልኝ።"

"በእናትህ አፅም" አለ ቀቢው። ወዲያው ጸጸተው፤ ቃል ግን ከአፍ ከወጣ ወዲያ አይመለስ። ልጁ ዓይኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቤት ገባ።

በተከታዩ እሁድ እንግዳ ተጠራ። የምራቱ እናትና ወንድሟ መጡ፣ የልጁ ሁለት ባልደረቦች ከነሚስቶቻቸው መጡ። ሰዉ ከመሰብሰቡ በፊት ቀቢውን ዳቦ እንዲገዛ ላኩት፤ ያውም ቅርብ ዳቦ ቤት እያለ ራቅ ወዳለው። ሲመለስ ሁሉም ጓሮ ተቀምጠዋል። ዳቦውን አኑሮ የአረፋ ሳህኑን ሊያመጣ ዞር ሲል ምራቱ አፍንጫዋን ያዝ አደረገች።

"ጋዝ ጋዝ ይላል ልበል?"

"ይላል እንጂ። እኔን ራሴን ይዞኛል" አለች እናቷ።

"እኔማ ዓይኔን ሁሉ አቃጠለኝ" አለ ወንድሟ። ባልደረቦቹም አዎ አዎ አሉ።

ቀቢው ባለበት ቆመ። ለሁሉም የሸተተ ለእሱ ብቻ አልሸተተውም፤ እንግዲያው ጋዙ እያመለጠ ነው፤ ልጁ ደግሞ ባርቤኪውን ተደግፎ ነው የቆመው።

"አባዬ፣ አንተንስ ይሸትሃል?" አለ ልጁ።

"ይሸታል" አለ ቀቢው። ይህም አልበቃው አለ። "እኔማ ገና በሩን ስገባ ነው የሸተተኝ።"

"ከየት በኩል ይመስልዎታል?" አለች ምራቱ ድምፅዋን አለስልሳ።

"ከሲሊንደሩ አፍ ነው። ከባድ ሽታ ነው። አፉ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩ፣ ላልቶ ይሆናል። ክብሪት እንዳይጫር፣ ሲጋራ የያዘ ያጥፋ፣ ሁላችሁም ወደ ቤት ግቡ።" ልጁን ደረቱን ገፋ አድርጎ ከባርቤኪው አራቀውና እሱ መሀል ገባ። በአፍንጫው ይዋሽ እንጂ በፍርሃቱ አልዋሸም፤ ልጄ ይቃጠልብኛል ብሎ ነው። ትንፋሹን ውጦ ተንበረከከ፣ ከሥር ያለችውን የብረት በር ከፈተ።

ባዶ ነው። ሲሊንደር የለም። ጎማው ብቻውን ተንጠልጥሏል።

መጀመሪያ የሳቀው የምራቱ ወንድም ነው፤ ወንበሩን ይዞ ሊወድቅ ነበር። "ከባድ ሽታ ነው" አለ የሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ፣ "ሲጋራ የያዘ ያጥፋ።" የምራቱ እናት የሳቋን እንባ በመሐረብ ጠረገች። እንግዶቹ መጀመሪያ አፍረው ነበር፣ ኋላ ግን አልቻሉም፣ ለቀቁት። ቀቢው ተንበርክኮ እንዳለ ያንን ባዶ ቦታ ያያል። ከሳቁ መሀል አንዱን ያውቀዋል። ልጁ ሕፃን ሆኖ ሆዱን ሲኮረኩረው የሚስቀው ሳቅ ነው፤ መሀሉ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሙሉ ሲሊንደር ደግሞ ወገቧን የሚያማት ምራቱ ብቻዋን አታነሳውም። ማን እንዳወጣው ለማወቅ አፍንጫ አያስፈልግም።

በማግሥቱ ልጁ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እውነቱን ብትነግረኝ እኮ እኔ ነበርኩ የምቆምልህ። አንተ ግን በእናቴ አፅም ማልክ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ቀቢው። "ባርቤኪውን ከእንግዲህ አልነካም። ክፍሏን ብቻ ተዉልኝ።"

"ላንተው ደኅንነት ብለን ነው አባዬ። አክስቴ ዘንድ ትኖራለህ፤ እሷ ቤት ጋዝ የለም፣ በኤሌክትሪክ ነው የምታበስለው። አነጋግሬያታለሁ።"

"መቼ ነው ያነጋገርካት?"

ልጁ ከአልጋው ተነሣ። አክስቱን ያነጋገራት ከእሁዱ ግብዣ በፊት ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ አላበቃም። ምራቱ ዓይኗን በጨው አጥባ መጣች። "አባባ፣ ከመሄድዎ በፊት የክፍሏን ግድግዳ አንድ እጅ ቀለም ቢያስነኩልን። ያው የእጅዎ ሙያ ነው፣ ሌላ ሰው ምን አስጠራን። እማ ሽታ ስለማይስማማት የውሃ ቀለም አምጥቻለሁ።"

እኔ የመኪና ቀቢ ነኝ ሊል ነበር፤ ተወው። አልጋውን ወደ መሀል ሳበ፣ ቁም ሳጥኑን በጋዜጣ ሸፈነ፣ የተሰነጠቀውን ደፈነ፣ ፈተገ፣ ቀባ። አሳምሮ ነው የቀባው። አስቀይሞ መቀባት አይችልበትም፤ ደግሞም፣ ለምን ይዋሻል፣ ሥራው ካማረ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ መስሎታል። ማዕዘኖቹን በትንሽ ብሩሽ እየተንበረከከ ጨረሰ። ሻንጣው በር ላይ ተዘጋጅቷል።

የምራቱ እናት ምርኩዟን ይዛ መጥታ በሩ ደፍ ላይ ቆመች፣ አየር ሳበች።

"ይሸታል" አለች።

"አይሸትም እማ። የውሃ ቀለም እኮ ነው።"

"ይሸታል አልኩሽ።"

ልጁ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ከኋላቸው መጣ። "ምን ያከራክራችኋል?" አለ። "አባዬን ጠይቁት።"

ሦስቱም ሳቁ። ቀቢው ብሩሹን እንደ ያዘ አያቸው፤ አንድ በአንድ አያቸው፣ መጨረሻ ላይ ልጁን። ከዚያ እሱም ሳቀ። ከልቡ የሚስቅ ሰው እንዲመስል ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ አብሮ ከሳቀ "በል እንግዲህ፣ እዚሁ ቅር" የሚሉት መስሎት። እነሱ ቀድመውት ጨረሱ፣ እሱ ብቻውን ትንሽ ቆየ። ማንም "እዚሁ ቅር" አላለውም። ልጁ ሻንጣውን አንስቶ መኪናው ላይ ጫነው።