ባለቤቴን የሚያውቀው ባለጀልባ

ባለቤቴ ከቤት መውጣት የሚወድ ሰው አይደለም። ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሲዞር ይሰነብትና እሁድ ሲሆን ቁምጣውን ለብሶ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ የጎረቤት ካውያ ሲፈታ ይውላል። ዘመድ ሰርግ እንኳ ሲጠራን «አንቺ ሂጂ፣ እሱን አሞታል በይልኝ» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «እሁድ ሽርሽር ብንሄድስ?» ሲለኝ ደስ አላለኝም። ተጠራጠርኩ።

«የት?» አልኩት።

«ቆላ ወረድ ብሎ ወንዝ አለ። በጀልባ ይወስዳሉ፣ ፏፏቴ ያሳያሉ፣ ገበያ ያስገባሉ፣ ሲመሻሽ ይመልሳሉ። አስጎብኚም አላቸው።»

«አንተ ይህን ሁሉ ከየት አወቅክ?»

«ሰው ነገረኝ» አለና ውሃ ሊቀዳ ተነሳ።

ጉርድ ሾላ በሚገኘው ቢሯችን አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ ባሏ ድንገት ደግ የሆነ ሰሞን ነው ሌላ ቤት እንዳለው የደረሰችበት። «ወንድ ያለ ምክንያት ሽርሽር ካለሽ፣ አንድም ሊነግርሽ ነው፣ አንድም ሊደብቅሽ ነው» ትለን ነበር ምሳ ላይ። ያኔ ስቄባታለሁ። ያን ምሽት ግን ሳህን እያጠብኩ ንግግሯ ትዝ አለኝ።

በዚያ ላይ ቤታችን ዝም ያለ ቤት ሆኖ ነበር። እናቴ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። የመጨረሻ ዓመታቷን ከእኛ ጋር፣ የካ አባዶ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የኖረችው። ልቧ ደካማ ነበር። ሐኪሙ ደረጃ እንዳታበዛ፣ ሙቀት ያለበት አገር እንዳትወርድ አዝዟል፤ ትእዛዙን እኔ ከሐኪሙም አጥብቄ ነበር የማስፈጽመው። ከሕክምናና ከትልልቅ በዓል በቀር አትወርድም። መስኮቱ ዳር ተቀምጣ የእንጦጦን ጋራ ስታይ ትውል ነበር። ከባለቤቴ ጋር ይዋደዱ ነበር። ሁለቱም ኦሮምኛ እንደ ውሃ ስለሚጠጡ እኔ የማልገባበት ወሬና ሳቅ ነበራቸው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። እሷ ስትሄድ እኔና እሱ የምናወራው ያለቀብን ይመስል፣ «በላህ?» «በላሁ» ላይ ቀረን።

እሁድ ጎህ ሲቀድ መገናኛ ደረስን። አስጎብኚው ኮፍያ ያጠለቀ፣ ድምፁ የጎረነነ ወጣት ነው፤ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ተሳፋሪውን ሁሉ «ቤተሰብ!» እያለ ይቀበላል። ባለቤቴን ሲያይ ግን «ቤተሰብ» አላለም። «ጋሼ፣ በሰላም መጡ!» ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው። ባለቤቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ውስጥ አለፈ።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አልኩት ተቀምጠን።

«ስልክ ስደውልለት ነበር እኮ፣ ቦታ ለመያዝ» አለ።

መልሱ ያስኬዳል። ግን በስልክ ብቻ የሚያውቁትን ሰው በመልክ እንዴት ይለዩታል? ይህን ይዤ ሲኤምሲን አለፍን፣ ከተማውን ጨረስን፣ አየሩ እየሞቀ፣ ሹራባችንን እያወለቅን ወረድን። መንገድ ላይ ለቁርስ ስንቆም እሱ ፍርፍሩን ሳይጨርስ ተነሣና ከአስጎብኚው ጋር ዘወር ብለው አወሩ። ባለቤቴ እጁን ያወናጭፋል፤ ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። ስጠጋቸው ዝም አሉ። «ስለ መንገዱ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ወንዙ ጭቃማ፣ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ጀልባዎቹ የቆርቆሮ ሆነው ላያቸው ላይ ሸራ ተወጥሯል። የእኛን የሚነዳው ፀሐይ ያከሰለው፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ነው። ላይፍ ጃኬት እያደለ ቆይቶ ባለቤቴ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ወንድሜ፣ መጣህ?» አለው። «ዛሬም ፊት ላይ ነው የምትቀመጡት?»

«ዛሬም» የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። «የምትቀመጡት» የምትለውም እንደዚያው። ከማን ጋር ነው ፊት ላይ የተቀመጠው?

ባለቤቴ «የትም ይሁን» አለና እጄን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደኝ።

ሞተሩ ተነሣ። አስጎብኚው ስለ አዞ ይቀልዳል፣ ሰው ይስቃል፣ ስልክ ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ተቀስሯል። እኔ የማየው የባለቤቴን ፊት ብቻ ነበር።

«ከዚህ በፊት እዚህ መጥተሃል?» አልኩት።

«ሰውዬው ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኝ ነው።»

«እሱ አምታቶህ ነው፤ አስጎብኚውስ?»

«ተይ እስቲ፣ ሰው ይሰማናል» አለኝና ወደ ውሃው ዞረ። በትዳራችን ሲዋሽ ብዙ አልሰማሁትም። ሲዋሽ የጆሮው ጫፍ እንደሚቀላ ግን አውቃለሁ። ቀልቶ ነበር። ፀሐዩ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ ሸራው ሥር ምን ፀሐይ አለ?

ጀልባው ፏፏቴው ከመድረሱ በፊት ዳር ይዞ አወረደን። ከዚያ በእግር ነው። አስጎብኚው ሰዉን ሰብስቦ ድንጋይ ለድንጋይ የሚወጣውን መንገድ ሲያሳይ፣ ባለቤቴ ክንዴን ያዘና «በዚህ በኩል ይሻላል፣ አያንሸራትትም፣ ዳገትም የለውም» ብሎ በቁጥቋጦ መሃል ባለች ቀጭን መንገድ አስገባኝ። መንገዷ እውነትም ለጥ ያለች ነበረች። መጨረሻዋ ላይ እንደ ወንበር የተጎረደ ግንድ አለ፤ ከዚያ ሆኖ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል፣ ካፊያውም አይደርስም። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው በዕድል አያገኘውም። ሌሎቹ ከላይ እየተንሸራተቱ ሲንጫጩ ይሰማል። እሱ ግንዱን በእጁ ጠረገና «ተቀመጪ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ማን ተቀምጣበት ይሆን እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። ፏፏቴው ያምር ነበር ይላሉ አብረውን የነበሩት። እኔ ከድምፁ በቀር ምንም አላስታውስም።

ገበያው ማዶ ነው፤ ጀልባው አሻግሮን «አንድ ሰዓት አላችሁ» ተባልን። ሎሚ፣ ፓፓያ፣ ሸንኮራ፣ የሸክላ ድስት፣ ከዛፍ ሥር የታሰሩ ፍየሎች። ባለቤቴ የሚፈልገውን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔ ድስት የማይ መስዬ ወደ ኋላ ቀረሁና ከሩቅ ተከተልኩት።

አንዲት ሎሚና ፓፓያ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ መልከ መልካም ሴት ፊት ቆመ። ሴትዮዋ ስታየው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እጁን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። በኦሮምኛ አወሩ። ቀረብ አልኩ። ብዙው አመለጠኝ፤ አንዱን ግን በደንብ ሰማሁት። «ሃርሜን ኤሳ ጅርቲ?» አለችው። ይህማ ይገባኛል። እናትየዋ የት ናት?

የማን እናት? ልጅ ያላት ሴት ናት እንግዲህ እንዲህ የምትጠየቀው። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ፣ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። ሴትዮዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፣ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። እኔና እሱ ልጅ የለንም። ሌላ ሴት አለች፣ ልጅ ወልዳለች፣ እዚህ ያውቋታል፣ አሁን ደግሞ አንድ ነገር ሆናለች፤ እኔን ያመጣኝ ልጁን አሳድጊልኝ ሊለኝ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ጨርሼ አሰብኩት።

ወደ ጀልባው ስንመለስ ከሰዉ ነጠል አድርጌ አንድ ሾላ ሥር አቆምኩት።

«ማን ናት?»

«ማን?»

«ፊት ላይ አብራህ የተቀመጠችው። ግንዱ ላይ ያስቀመጥካት። ሴትዮዋ ‹እናትየዋ የት ናት› ብላ የጠየቀችህ። ልጅ አለህ?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ፤ ከዚያ ዓይኑ ሞላ።

«እናትሽ ናቸው» አለ።

«ምን?»

«እናትሽ ናቸው። ባለፈው ጥቅምት፣ አንቺ ሀዋሳ ለሥልጠና የሄድሽ ጊዜ። ክረምቱን ሙሉ ለመኑኝ። የተወለዱት ከዚህ ማዶ ነው፤ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር እዚህ ገበያ ይወርዱ ነበር። ‹ሳልሞት አንዴ አሳየኝ› አሉኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«ደረጃውንስ?»

«አዘልኳቸው። ስንወርድም፣ ስንመለስም። እዚህ ደግሞ አስጎብኚው በዚያች ለጥ ባለችው መንገድ አሳለፈን። ገበያው ውስጥ ከዚያች ሴትዮ አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ የሴትዮዋን አያት የሚያውቋት ሆነው ተገኙ። አልነሳም ብለው ጀልባው በእኛ ምክንያት ቆመ።»

ለአንድ አፍታ፣ ሌላ ሴት የለችም ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ትንፋሼ መለስ ሳይል ሌላው መጣ። ከሀዋሳ ስመለስ የእናቴ እግር አብጦ ነበር። «ምን ነካሽ?» ስላት «የአየሩ ነገር ነው» አለችኝ። እሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወር ሳይሞላ ሞተች።

«እግሯ ያበጠው ለዚህ ነበር?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«እሳቸው አስማሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።» እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ነው የማስበው። ሙት ዓመታቸው ሳይደርስ ልንገርሽ ብዬ ነው ያመጣሁሽ። ከጠዋት ጀምሮ ልጀምር እላለሁ፣ አፌ እምቢ ይለኛል። ልጁን ቁርስ ላይ ‹አንተ እንዳትቀድመኝ› ስለው ነበር።»

በጀልባው ከእሱ ሦስት ሰው ርቄ ተቀመጥኩ። በአውቶቡሱ አስጎብኚው ማይክ ይዞ «ቤተሰብ፣ ቀኑ እንዴት ነበር?» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። ባለቤቴም፣ እኔም እጃችንን አላነሳንም።

የነገረኝን ሙሉ በሙሉ አላመንኩም፤ በግማሽ ነው ያመንኩት። በማግስቱ ምድር ቤት የሚኖሩትን የእናቴን ጓደኛ፣ የአሮጊቷን ጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ።

«እማማ፣ እናቴ ባለፈው ጥቅምት ከቤት ወጥታ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ ቶሎ ብለው፤ መልሱ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። «እኔም አይሆንም ብያት ነበር። ሰምታ ታውቃለች? ስትመለስ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር፤ ትንፋሿ ግን አላማረኝም። ‹ለሐኪም እንንገር› ብላት በማርያም አስማለችኝ።»

«እኔስ? ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺን ትፈራሽ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም ያሉት።

ሐኪሙ ጋም ሄድኩ። ያስታውሳታል። ነገሩን ሰምቶ «ልቧ አስቀድሞ ደክሞ ነበር። ጉዞው አፍጥኖት ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። እንዲህ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም» አለኝ። አንድ ሰው እንዲፈርድልኝ ነበር የሄድኩት።

ከባለቤቴ ጋር ብዙ ሰነበትን ሳንነጋገር። ሙት ዓመቷን አብረን አወጣን፤ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን እንግዳ አስተናገድን፣ እርስ በርሳችን ግን ቃል አልተለዋወጥንም። ከዚያ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳላስበው፣ «ምን ለብሳ ነበር?» አልኩት። «ያን ሰማያዊ ቀሚስ» አለ። ሌላ ቀን ደግሞ «ምን በላች?» አልኩት። እንዲህ በትንሽ በትንሹ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እጠይቀዋለሁ፣ ቃሉ ይለያይ እንደሆነ ለማየት። ያውቅብኛል፤ ግን ሳይቆጣ ይመልስልኛል። አንዳንዱን ደግሞ ወርጄ እማማን እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት «ፏፏቴውን ስታይ ምን አለች?» አልኩት።

«‹ይቺው ናት?› አሉ። ልጅ ሆነው ሲያዩት ሰማይ የሚነካ ይመስላቸው ነበር። ‹ለዚህች ነው እንዴ ያን ሁሉ ደረጃ ያዘልከኝ!› ብለው በጣም ሳቁብኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ይህን እሱ ሊፈጥረው አይችልም፤ ባለቤቴ ብዙ ነገር ይችላል፣ ቀልድ ግን አይችልም። ድምፅዋን ሰማሁት። ሳቄ ሲያበቃ አለቀስኩ፤ እሱም ካውያውን አስቀምጦ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ እኔም አልተነሣሁም።

«የተወለዱበት መንደር ከገበያው ብዙ አይርቅም» አለኝ ቆይቶ። «ያቺ ሴትዮ ታሳየናለች። በጋው ሳይጠነክር ብንሄድ።»

«እንሄዳለን» አልኩት። «ግን ከመነሣታችን በፊት የቀረ ነገር ካለ ንገረኝ።»

«የቀረ የለም» አለ።

ጆሮውን አየሁት።