ይሻገራል ያልኩት ድምፅ

ይህ ነገር ያስከፈለኝ በእትዬ ጥሩዬ ፊት ቀና ብሎ መቆምን ነው። ሌላ የከሰርኩት የለም፤ እንዲያውም አትርፌበታለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም፤ እሳቸውም ስልካቸውን የሚያሠሩት እኔው ዘንድ ነውና። ለማታውቀኝ ለአንተ ግን ልናገር።

መተማ ላይ ስልክ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ። እኛ አገር አፕዴት እንደ ቡዳ ይፈራል፤ ካርድ ይበላል ይባላል። ይህን ወሬ ካስፋፉት አንዱ እኔ ነኝ። ሰሊጥ ሊያጭድ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ «ይሄን ላጥፋልህ፣ አለዚያ ካርድህን አይምርልህም» እያልኩ አጠፋለሁ፣ አስከፍላለሁ። አፕዴት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው? አሳምሬ አውቃለሁ። ክረምት ሳይገባ የጎጆን ክዳን እንደመጠገን ነው፤ ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ያረጀው ሣር ይለወጣል። ዓመት ከዓመት ካልነካኸው ግን አንድ ቀን የማይገባበት ቤት ይሆናል።

እትዬ ጥሩዬ የሽንፋ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ደሳለኝ ሱዳን ተሻግሮ ይሠራ ነበር። እዚያ ጦርነቱ ሲነሳ የደረሰበት ጠፋ። የቀራቸው ቀደም ሲል በስልክ የላከላቸው አንድ የድምፅ መልእክት ነበር፤ እሱን እየከፈቱ ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን መልእክቱ ያለበት መተግበሪያ «ስልኩ አርጅቷል፣ ይታደስ» ብሎ አልከፈት አለ። አፕዴቱን የዘጋሁባቸው እኔው ነኝ። ወደ እኔው ይዘውት መጡ።

አንድ ከሰዓት ዋይፋይ ላይ ብተወው ይበቃው ነበር። እኔ ግን መደርደሪያዬ ላይ አልሸጥ ያለኝ አዲስ ስልክ ነበረኝ።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ እትዬ፣ ይሄ ሞቷል» አልኳቸው። አዲሱን ሸጥኩላቸው፣ አሮጌውን በርካሽ ወሰድኩባቸው።

«የልጄ ድምፅስ? ወደ አዲሱ ይሻገራል ወይ?»

«ይሻገራል፣ ራሱ ይመጣል።»

«እንግዲያ ድንበር ከሚሻገር ከብት ይሻላል፤ ቀረጥም የለበት» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ አሮጌውን አፕዴት አደረግኩት። ለመሸጥ ነዋ። ያ መተግበሪያ ተከፈተ፤ መልእክቱን ነካሁት። «እማ፣ ደህና ነኝ። ሰሊጡ ሳይረግፍ አሳጭጂው፣ እኔን አትጠብቂ» ይላል።

ሰማሁት። ያኔ ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ይምጡ» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ውሸቴ እንዳይገለጥ ብዬ አልደወልኩም። ስልኩን ጠርጌ ባዶ አደረግኩት፣ ለአንድ የጎጃም ወዛደር ሸጥኩት። ሳላውቅ አጠፋሁት አልልም። እየሰማሁ አጠፋሁት።

እትዬ ጥሩዬ ገበያ ሲወጡ በሱቄ በር ያልፋሉ።

«ዛሬስ አልተሻገረም፣ አንተ ልጅ?»

«ኔትወርኩ ነው፣ እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁ።»

ኔትወርክ የስንታችንን ኃጢአት ተሸክሞ ኖረ። ልጁ አትጠብቂ ያላትን እናት እኔ ጠብቂ እላለሁ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እሳቸውን ነው፤ ለአንተ የነገርኩህ ለማያውቀኝ መንገር ስለሚቀለኝ ነው።

ስልኩ ተሽጧል። ድምፁ ጠፍቷል። እትዬ ጥሩዬ እየጠበቁ ነው።